ኳሷ የማን ነበረች

ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ነውር ነው። ተናጋሪው ቢያስለው ያስላል፣ ምላሱ ቢደናቀፍ ይቅርታ ይላል፤ ዝም ካለ ግን አድማጭ ባትሪዬ አለቀ ብሎ ሬዲዮኑን በጥፊ መምታት ይጀምራል። ጉዲና ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለአዳዲሶቹ ጋዜጠኞች «የመጣላችሁን ተናገሩ እንጂ ዝም እንዳትሉ» እያለ የሚያስጠነቅቀው እሱ ራሱ ነበር። እንግዲህ ያ ሰው ነው አንድ ቅዳሜ ምሽት የወረዳዎችን የስፖርት ውጤት እያነበበ ሳለ ድንገት ልሳኑ የተዘጋው።

ያነበበው ነገር የሚያስደነግጥ አልነበረም። «በመተከል ዞን፣ የወንበራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በደብረ ዘይት የተካሄደው የሴቶች መረብ ኳስ ውድድር» ብሎ ቆመ። ደብረ ዘይት የምትለውን ቃል ደግሞ አያት። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት የፕሮግራሙ ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋሉል እጃቸውን እያወናጨፉ ቀጥል ይሉታል፤ እሱ ወረቀቱ ላይ አፍጥጧል። ሲጨንቃቸው ሙዚቃ አስገቡ። እስከዚያ ድረስ አሶሳ ከተማ ውስጥ ስንት ሬዲዮ እንደተመታ እግዜር ይወቀው።

ምን ነካህ ሲሉት፣ ደብረ ዘይት ወንበራ ውስጥም አለ እንዴ ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮ ሸዋሉል የክልልህን ከተማ ሳታውቅ ነው የክልሉን ስፖርት የምታወራው ብለው ገሠጹት። እርግጥ ባያውቅ ብዙም አይፈረድበትም። ክልሉ ገና አራስ ነበር። ወለጋ ይባሉ የነበሩት አሶሳና ባምባሲ፣ ጎጃም ይባል ከነበረው መተከል ጋር በአንድ ስም መጠራት ከጀመሩ ጥቂት ጊዜያቸው ነው። መሃላቸው ዓባይ ተጋድሟል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና መሄድ ያማረው ሰው አገር ዞሮ ነው የሚደርሰው። ወንድማማች ናችሁ ተብለው ገና በዓይን ያልተያዩ ሕዝቦች ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ጉዲና ግን ከስቱዲዮው ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያቺን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ሲረግማት ኖሯል። ለካስ ቃሏ ምንም አላጠፋችም።

ጉዲና የባምባሲ ልጅ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ አጎቱ ዘበኛ በነበሩበት የቴኒስ ክበብ ውስጥም ኳስ እያቀበለ አደገ። ኳስ አቀባዩ ራኬት ያዘ፤ ራኬት የያዘው ደግሞ ኳስ ያቀብላቸው የነበሩትን ሰዎች እየረታ ያበሽቃቸው ጀመር። ውሎ አድሮ ቴኒስ እንጀራው ሆነ። ካርቱም፣ ናይሮቢ፣ ሐራሬ እየተከፈለው ተጫወተ። ሀብታም አላደረገውም፤ ነገር ግን ሥራህ ምንድን ነው ሲባል «ቴኒስ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሆነ። እናቱ ባምባሲ ላይ ልጅሽ ምን ይሠራል በተባሉ ቁጥር መልስ ይቸግራቸው ነበር። መንግሥት ሠራተኛ ነው ብለው የተገላገሉበትም ጊዜ አለ።

ትከሻው ሲጎዳ ያም አበቃና ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲሱ ክልል ያኔ የሰው ያለህ እያለ ነው። ጉዲና ስፖርተኛ ነበርኩ አለ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና የካርቱም ዐረብኛ ይችላል፤ ወዲያው ማይክሮፎን ሰጡት። ስፖርተኛ ሲል እግር ኳስ ተጫዋች መስሏቸው ነበር። ስለ እግር ኳስ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ የጎደለውን ከቴኒስ እያመጣ ይሞላል። በረኛ ሲለጋ «ሰርቭ አደረገ» ይላል፤ ኳስ መስመር ካለፈች «አውት!» ብሎ ያምባርቃል። መጀመሪያ ሳቁበት፣ ቆይተው ለመዱት፣ በኋላማ ያለ እሱ ጨዋታ አልጥም አላቸው። ገበያ ላይ በዋጋ ያልተስማማ ሁሉ «አውት!» እየተባባለ መለያየት ጀመረ። ቴኒሱ የሚል ስምም ወጣለት።

ቴኒስ አይቶ የሚያውቅ ሰው ግን በከተማው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሜዳም የለ፣ መረብም የለ። ጉዲና በየሳምንቱ የሌላውን ሰው ጨዋታ እያወራ የራሱን ይናፍቃል። የራኬቱ እጀታ በላብ ሲርስ፣ ኳስ መሃል ራኬት ላይ ስታርፍ የምትሰጠው ድምፅ፣ ይህ ሁሉ ይናፍቀዋል። ከሁሉም በላይ የሚናፍቀው ግን ከጎኑ ሆና የተጫወተችው ነበረች።

የዝናሽ ትባላለች። የጥንድ ጨዋታ አጋሩ ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በራኬቷ የምትሸፍን። አነጋገሯ ጎጃምኛ ነው። አገርሽ የት ነው ስትባል «ጎጃም» ብላ ትዘጋዋለች፤ ጉዲናም ጎጃም ስንት ቀን ተሂዶ የማያልቅ አገር መሆኑን ረስቶ ይህችው መልስ ትበቃኛለች ብሎ ያልፋታል።

የጥንድ ጨዋታ አንድ ነገር ይፈልጋል። ኳስ በሁለቱ ተጫዋቾች መሃል ስትመጣ አንዳቸው መጮኽ አለባቸው፤ ወይ «የኔ»፣ ወይ «ያንቺ»። ዝም ከተባባሉ ወይ ሁለቱም ሄደው ይላተማሉ፣ ወይ ሁለቱም ይተዋታል። ጉዲናና የዝናሽ በዚህ የሚያክላቸው አልነበረም። እሱ «የኔ» ሲል ድምፁ ከክበቡ አጥር ውጭ ይሰማል። ይኸው ሰው ግን ከሜዳ ሲወጣ ምላሱ ይተሳሰራል። ይወዳት ነበር። ትወደው ነበር። ሣር አጫጁ ሳይቀር ያውቃል። እነሱ ብቻ አንዱ የሌላውን አፍ እየጠበቁ ዓመታት አለፉ።

የመጨረሻ ጨዋታቸው ናይሮቢ ላይ ነበር፤ ለዋንጫ። በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ኳሷ ሽቅብ ወጣችና በሁለቱ መሃል መውረድ ጀመረች። ጉዲና ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ የዝናሽ ዞር ሲል እሷም እሱን ታየዋለች። ኳሷን አይደለም፣ እሱን። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ፤ ኳሷም በእግራቸው መሃል መሬት ነካች። ተሸነፉ። ስለዚያች ኳስ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ አገሩ ተናወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ክበቡም ለጊዜው በሩን ዘጋ። ጉዲና ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ ክለብ ጋር ሥራ አገኘ። ሊሄድ ሲል የዝናሽ ልትሸኘው መጣች። እንግዲህ እኔም ወደ ቤተሰቦቼ መግባቴ ነው አለችው። የሻንጣውን ማሰሪያ ሲነካካ አየችውና፣ «ከፈለግከኝ ደብረ ዘይት ነኝ» አለችው።

ከፈለግከኝ! ከዚህ በላይ ሴት ልጅ ምን ትበል? ጉዲና ያቺን ቃል ይዞ ናይሮቢ ሄደ፤ ይዟት ተመለሰ። ትከሻው ተጎድቶ አገሩ እንደገባ ቤተሰቡ ጋ እንኳ ሳይደርስ በቀጥታ የሄደው ደብረ ዘይት ነው። አዲስ አበባ አጠገብ ያለችው፣ ባለ ሐይቋ፣ አብረው ልምምድ ያደረጉባት። የቴኒስ ሰው ደብረ ዘይት ሲባል ሌላ ምን ያስባል? እግሩ እስኪነቃ ዞረ። በየሜዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሐይቁ ዳር ጠየቀ። የዝናሽ የምትባል ቴኒስ ተጫዋች የሚያውቅ ጠፋ። አልፈለገችኝም፣ የውሸት አድራሻ ሰጥታ ነው የሸኘችኝ ብሎ ቅስሙ ተሰብሮ ወደ አሶሳ ገባ።

አሁን ማንጎው ሥር ተቀምጦ አንድ ነገር ትዝ አለው። የዝናሽ ያችን ባለ ሐይቅ ከተማ አንድም ቀን ደብረ ዘይት ብላት አታውቅም። በጦር ሰፈሯ ስም ነበር የምትጠራት፤ «ነገ አየር ኃይል እንሄዳለን» ነበር የምትለው፤ «አየር ኃይል ነፋሱ ያስቸግራል» ነበር የምትለው። ደብረ ዘይት ለእሷ ቤቷ ነበር። የትኛው ደብረ ዘይት ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ምን ያቃጥለው ነበር? አንዲት ጥያቄ! ሰው እንዴት አንዲት ጥያቄ ይሰስታል?

የወረዳዎቹ ውጤት ወደ አሶሳ የሚመጣው በመገናኛ ሬዲዮ ነበር። አንዱ ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል፣ «ኦቨር» ብሎ ይለቃል፣ ከዚያ ወዲያኛው ይቀጥላል። ቁልፉ ተይዞ ሳለ ከወዲያ በኩል መናገር የሚባል ነገር የለም። አሶሳ ላይ መሣሪያው ዘንድ የሚቀመጠው ዐወድ ነው። የኩርሙክ ሰው ነው፤ የቤቱ ቋንቋ በርታኛ፣ የጸሎቱ ዐረብኛ፣ አማርኛ ደግሞ የሥራው። አማርኛውን ይናገራል፤ ወንድና ሴት መለየቱ ብቻ እንቢ ብሎታል። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት «መጣ» ይላል፤ ወይዘሮ ሸዋሉል ሲቆጡ «ሸዋሉል ዛሬ ተናደደ» ብሎ ጉዲናን ያስጠነቅቀዋል።

አንድ ቀን ዐወድ፣ ለመሆኑ ኳስ ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ ጉዲናን ጠይቆት ነበር። አንዴ «ኳሱ ወጣ» ትላለህ፣ አንዴ «ኳሷ ገባች» ትላለህ፣ ለምን አትወስንም ሲል ወቀሰው። ጉዲናም ስቆ፣ «ስትጠላው ወንድ ነው፤ ስትወዳት ሴት ናት» አለው። ዐወድ እንዲህ ያለ ቋንቋ አላህ ያሳያችሁ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ጉዲና ዐወድን ለመነው። ወንበራን አግኝልኝ፤ ድሮ ቴኒስ ትጫወት የነበረች የዝናሽ የምትባል ሴት ደብረ ዘይት ውስጥ አለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አለው። እሱ አጠገቡ ቆሞ መልሱን መስማት አቃተው፤ ልቡ አልችል ብሎት በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። ዐወድ ከቆይታ በኋላ ብቅ አለ።

«አለ» አለው። «ወላሂ፣ የዝናሽ አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነው። አግብቷል። ልጅ አለው።»

ዐወድ ሰውን ሁሉ ወንድ እንደሚያደርግ ጉዲና ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም ያቺን «አግብቷል» የምትል ቃል ይዞ ቤቱ ገባና ሌሊቱን ሲያገላብጣት አደረ። የወንበራው ሰው ስለ ሌላ አስተማሪ ነግሮት ቢሆንስ? የዝናሽ አለች፣ ያገባው ሌላ ሰው ነው ማለቱ ቢሆንስ? ዐወድን መልሶ ቢጠይቀው ወዲያው ይጣራ ነበር። አልጠየቀውም። የናፈቀ ሰው የሰዋስው ስህተትም ይበቃዋል።

ወይዘሮ ሸዋሉል ነገሩን ሲሰሙ ፈቃድ ልስጥህና ሂድ አሉት። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል አለ። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁት የዋንጫው ጨዋታ ይለፍ አለ። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው። ሳታገባ እየጠበቀችው ከሆነ ምን ፊት ይዞ ከፊቷ ይቆማል? አግብታ ከሆነስ? ወንበራ ካልሄደ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየቅዳሜው ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ ትሰማኝ ይሆን እያለ ድምፁን አሳምሮ ያወራል። ጣቢያው አመሻሹ ላይ ዓባይን ተሻግሮ ይሰማል የሚሉ አሉ፤ ከባምባሲም አያልፍ የሚሉ አሉ።

የዋንጫው ቀን ደረሰ። አሶሳና ባምባሲ ሊጋጠሙ ሕዝቡ ሜዳውን ከቦ ሳለ ሰማዩ ተቀደደ። ዳኛው ኳሷን ከፍ አድርጎ ጣላት፤ ኩሬ ውስጥ ገብታ ቀረች። ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሰዉ ሮጦ በየሱቁ በረንዳ ተጠለለ፤ ሬዲዮኑ ግን እንደተከፈተ ነው፤ የጨዋታው ሰዓትም ባዶውን ተቀምጧል። ወይዘሮ ሸዋሉል ሙዚቃ ሊያስገቡ ሲሉ ከሜዳው ሮጦ ስቱዲዮ የገባው ጉዲና እጁን አንሥቶ ከለከላቸው።

«ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጨዋታ በዝናቡ ምክንያት ቀርቷል» አለ። «እኔ ግን ሌላ ጨዋታ አስተላልፍላችኋለሁ።»

ከዚያ ናይሮቢን አወራ። ትናንት እንደነበረ ሳይሆን አሁን ዓይኑ ሥር እንዳለ አድርጎ። ሜዳው እንደ ባምባሲ መንገድ ቀይ አፈር ነው አለ። መሃሉ ላይ መረብ ተወጥሯል፤ በዚህ በኩል አንድ ረጅም ወንድና አንዲት አጭር ሴት አሉ አለ። ስማቸውን አልተናገረም። ኳስ ስትመታ ድምፁን ከፍ፣ ስትመለስ ዝቅ ያደርጋል። ዝናቡ የስቱዲዮውን ቆርቆሮ ሲደበድብ የተመልካች ጭብጨባ ይመስል ነበር። አጭሯ ልጅ መረቡ ላይ ዘላ ስትመታ በረንዳ ላይ የተጠለሉት ሰዎች አብረው ዘለሉ ይባላል። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ከተማ ነጥብ እየቆጠረ፣ አጭሯን ልጅ እየደገፈ፣ ረጅሙን እየተቆጣ ያን ምሽት ቴኒስ አየ። ወይዘሮ ሸዋሉል መስታወቱን ተደግፈው ቀርተዋል። ጉዲና ዓይኖቹን ጨፍኗል። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ እንዲህ ከፍቶትም አያውቅም።

«የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ደርሰናል» አለ። «ኳሷ ወደ ላይ ወጣች። አሁን በሁለቱ መሃል እየወረደች ነው። አንዳቸው መናገር አለባቸው።»

እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ። በዚያን ቀን ግን ሬዲዮኑን የመታ ሰው አልነበረም። ቆይቶ፣ ሰዓታችን አልቋል፣ ደህና እደሩ ብሎ ተሰናበተ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ከተማው ከዚያስ ሲለው ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከዚያስ፣ ሲወጣ ከዚያስ። የማን ስህተት ነው፣ ኳሷን ማን ጣላት የሚለው ክርክር ሻይ ቤቶቹን አመሳቸው። ጉዲና ፈገግ ብሎ ያልፋል። እሱም ከዚያስ እያለ ነበር፤ ሰማችኝ ይሆን፣ ከዚያስ።

ሰኞ ጠዋት ዐወድ እየሮጠ ስቱዲዮው ድረስ መጣ። ወንበራ ይጠራሃል፣ አንተን ራስህን ነው የሚፈልገው አለው። ጉዲና እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። መሣሪያው ይንጫጫል። በዚህ መሥመር ላይ ምሥጢር የሚባል የለም፤ የየወረዳው ኦፕሬተር ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነው የሚያዳምጠው። ዐወድ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ቁልፉን እንዴት እንደሚጫን አሳየው።

«ጉዲና» አለ የሴት ድምፅ። ያው ጎጃምኛው። «ቅዳሜ ሰማንህ። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጄም። ልጄ ከዚያስ እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ኦቨር።»

የዐወድ «አግብቷል» በአንድ አፍታ «አግብታለች» ሆነ። ቢሆንም ያን ድምፅ መስማቱ ራሱ የጉዲናን ዕንባ አመጣው።

«የዝናሽ፣ እኔ ደብረ ዘይት ሄጄ ነበር» አለ። «ፈልጌሽ ነበር። አየር ኃይል። ኦቨር።»

የዝናሽ ጠፋች ብሎ ዐወድ ቁልፎቹን ሊነካካ እጁን ሲዘረጋ ድምፅዋ ተመለሰ። ከኋላዋ የትምህርት ቤት ሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«እኔ እኮ አየር ኃይል ነኝ አላልኩህም» አለች በቀስታ። የሰው ጆሮ እንዳለ ታውቃለች። «ልጄን ምን ልበላት? ኳሷ ያንተ ነበረች። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። በጣም ጠበቅኩህ፣ ጉዲና። ኦቨር።»

ዐወድ ግንባሩን ቋጥሮ ቆየና ወደ ጉዲና ጎንበስ አለ። «ኳሱን ‹ነበረች› አለ» ብሎ ሹክ አለው። ከዚያ የጉዲናን ፊት አየ። ሲጠሉት ወንድ፣ ሲወዷት ሴት የተባለው ነገር ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ጉዲና ቁልፉን ተጫነ። ናይሮቢ ላይ አፉ ውስጥ የቀረው ቃል አሁን ያለ ችግር ወጣ።

«የኔ ነበረች» አለ። «ለልጅሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። የሱ ነበረች፣ ሳይናገር ቀረ በያት።»

«ኦቨር» አላለም። ቁልፉን እንደጨበጠ ቀረ። እሱ እስካልለቀቀ ድረስ የዝናሽ ደህና ሁን ማለት አትችልም፤ ደህና ሁን ካላለች ደግሞ ገና አልሄደችም። ጣቱ እስኪነጣ ያዘው። ዐወድ ጥቂት ጠበቀው፣ ከዚያ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«ያ ጉዲና» አለው በዐረብኛ ጠርቶ፣ ወንድና ሴት መለየት እንቢ ያለው ዐወድ፣ «ልቀቃት።»

ጉዲና ለቀቃት።